የሌለ ነገር ግዝት

እኛ አገር ሰው ሲናደድ የሚያርረው ቆሽቱ ነው። አንጀት ይራራል፣ ሆድ ይብሳል፣ ቆሽት ያርራል። ከዚህ ሌላ ሥራ እንዳለው ልጅ ሆኜ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ታናሽ እህቴ ታማ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት በተኛች ጊዜ ሐኪሙ ለእናቴ «የልጅሽ ቆሽት መሥራት አቁሟል» አላት። እናቴ አሰብ አደረገችና «ኧረ ዶክተር፣ እንደሷ የሚቆጣ እኮ አንኮበር ውስጥ የለም» አለችው። ሐኪሙ ሳቀ። እህቴ ክንዷ ላይ መርፌ እንደተሰካ፣ ሰው ልትሆን ጥቂት የቀራት አጥንት ሆና ሳለች፣ በሁለቱም ላይ ተቆጣች።

ከዚያ ወዲህ ጠዋትና ማታ ራሷን በኢንሱሊን ትወጋለች። መድኃኒቱ ከጓዳ፣ ውሃ ባለበት ገንቦ አጠገብ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ከመድኃኒት ቤት የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ሲጠፋ ትንፋሿ እንደ በሰበሰ ፍሬ መሽተት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ እናቴ መኪና ፍለጋ ትወጣለች። በጊዜ ካልተገኘ ትሞታለች። ይህን እሷ ታውቃለች፣ እናቴ ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፤ በቤታችን ግን ጮክ ብሎ የሚናገረው የለም።

እኔ ባዮሎጂ ተምሬ ደብረ ብርሃን በአንድ አነስተኛ ቤተ ሙከራ ረዳት ሆኜ ተቀጠርኩ። የምንሠራው ባጭሩ ይህ ነው፦ ከአሳማ ግልገል ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመነጩትን ህዋሳት ለይተን እናወጣለን፣ እናጥባለን፣ እናሳድጋለን፤ ከዚያ ስኳር ባለባት አይጥ ሆድ ውስጥ እናስገባቸዋለን። አይጧ ስኳር እንዲይዛት የምናደርጋት እኛው ነን። በመርፌ ቆሽቷን እንገድልባትና ሌላ እንሰጣታለን።

ግልገሎቹን የምናመጣው ከከተማው ወጣ ብሎ ለአዲስ አበባ ሆቴሎች አሳማ ከሚያረቡ ሰው ዘንድ ነው። ሰውዬው ለእናቲቱ የቢራ አተላ ያቀርቡላታል። እሷ አፍንጫዋን አተላው ውስጥ ቀብራ ስትበላ ከኋላዋ ልጆቿን እያነሣን ካርቶን ውስጥ እንከታለን። ይጮሃሉ። የአሳማ ግልገል ጩኸት ከሰው ሕፃን ጩኸት አይለይም። እናቲቱ አንድ ጊዜ ቀና ትላለች። ሰውዬው አተላ ይጨምሩላታል፤ ትመለሳለች። «እናት ማለት ይህቺ ናት!» ይሉናል እየሳቁ። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ዶክተርም አብሮ ይስቃል። እኔ ካርቶኑን ይዤ መኪና ውስጥ እገባለሁ።

ቆሽት ደም ሲቋረጥበት ራሱን መብላት ይጀምራል። ምግብ የሚፈጨው ቅመም የሚመነጨው ከውስጡ ስለሆነ፣ ደሙ ሲቆም ቅመሙ የገዛ ሥጋውን ይፈጫል። ስለዚህ መፍጠን አለብን። ግልገሉ በማደንዘዣ ይተኛል፣ ሆዱ ይከፈታል፣ ፈዛዛዋ ሮዝ ሥጋ ወጥታ በረዶ ላይ ትቀመጣለች። ዶክተሩ ይቆማል፤ እኔ በትንሽ መቀስ እቆርጣለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ ሥጋው ድቃቂ እስኪሆን ድረስ። ከዚያ ህዋሳቱን ከተያያዙበት የሚፈታ ፈሳሽ ይጨመርበትና ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ይናጣል። ጥቂት ከቀደምን እንደተያያዙ ይቀራሉ፤ ጥቂት ከዘገየን ይፈነዱና ሁሉም ነገር እንደ ተልባ ይዝለገለጋል። ብዙ ግልገሎች ተልባ ሆነውብን ተጥለዋል። አንድ ሥራ ሲበላሽ ዶክተሩ ጓንቱን አውልቆ «በይ፣ ቆሽት ሲሞት ሐዘን አይቀመጡለትም። ሌላ ካርቶን» ይለኛል።

መጥፎ ሰው አልነበረም። ዝምታዬ ግን ይሰለቸው ነበር። አንድ ቀን በማጉያው እያየ «እነዚህ ህዋሳት እኮ ካንቺ ይልቅ ያወራሉ» አለ። ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ፤ ሰው ሲስቅብኝ አብሬ መሳቅ ከልጅነቴ የማውቀው ነገር ነው።

የምሠራውን አከራዬ ያወቀችው ከቤተ ሙከራው ሹፌር ነው። ሴትዮዋ በሃይማኖቷ የጠነከረች፣ ደግ ሰው ናት፤ ስታመም አጥሚት አፍልታልኛለች። ከሥራ ስመለስ ልብሴ ከገመዱ ወርዶ በር ላይ ተጣጥፎ አገኘሁት።

«የኔ ልጅ፣ ሥራሽን አልነቀፍኩም» አለችኝ በሯ ላይ ቆማ። «የተማረ ሰው የታዘዘውን ይሠራል። ገመዱን ብቻ ነው። የልጆቼ ልብስ ይሰጣበታል።»

«እሺ እትዬ።»

«ደግሞ ቅር እንዳይልሽ።»

«አይለኝም።»

ከዚያ በኋላ ልብሴን ክፍሌ ውስጥ አሰጣለሁ። የደብረ ብርሃንን ብርድ ለሚያውቅ፣ ክፍል ውስጥ የተሰጣ ልብስ መቼ እንደሚደርቅ ማስረዳት አያስፈልግም።

እህቴ ለሐኪም ቀጠሮዋ ስትመጣ እኔ ዘንድ ታድራለች። ባለፈው ዓመት በመጣች ጊዜ ዶክተሩን አስፈቅጄ፣ ስለ ግልገሎቹና ስለ አተላው መንገድ ላይ እየነገርኳት፣ ቤተ ሙከራ አስገባኋት። ነጭ ጋውን ለበሰች፤ እጅጌው ረዝሞባት «ቄስ መሰልኩ» ብላ ሳቀች። ህዋሳቱ ከታጠቡ ቀናት አልፈው ነበር፤ ተሰባስበው ትናንሽ ድብልብሎች ሆነዋል። ኢንሱሊን ያለበትን ብቻ የሚያቀላ ቀለም ጠብ አደረግሁበትና በማጉያው እንድታይ ቦታ ለቀቅሁላት። ቀይ ነጠብጣብ በነጭ መስክ ላይ። ያን ቀን በጣም ያማሩ ነበሩ።

ጎንበስ ብላ ብዙ አየች።

«ይሄ ነው እንዴ?» አለች በመጨረሻ።

«ይሄ ነው።»

«ጤፍ እንኳ አያክልም። ይሄን ያህል ነገር ነው እኔን እንዲህ የሚያንከራትተኝ?»

«ይሄን ያህል ነው።»

«ለኔስ መቼ ነው የምትከቺልኝ?»

«ይሄ ለአይጥ ነው» አልኳት። «ለሰው ገና ነው። ይድረስ አይድረስም አይታወቅም።»

«ለአይጥ የሆነ ለኔ ምን ያንሰዋል? ከአይጥ አንሳለሁ?» ዓይኗን ከማጉያው አላነሣችም። «አሳማ መሆኑን ደግሞ አንኮበር ላሉት አትንገሪብኝ። ለእሱ ብቻ እኔ እነግረዋለሁ።»

እሱ ያለችው በደብረ ብርሃንና በአንኮበር መካከል ሚኒባስ የሚነዳ ልጅ ነበር። ሊያገባት ይፈልጋል፣ ትፈልገዋለች። ሕመሟን ከመጀመሪያው ነግራዋለች፤ እሱ «እኔም ነዳጅ ካልቀዳሁ አልሄድም» ብሎ ነው የተቀበላት። አባቱ ግን ልባቸው አልቆረጠም። ሽማግሌ ልከው፣ በሁለቱም ወገን ዘር አስቆጥረው፣ ዝምድና አለመኖሩን ካረጋገጡ በኋላ እንኳ «የታመመች ልጅ ናት» እያሉ ነገሩን አቆይተውት ነበር። እህቴ ሁለት ነገር ትፈልጋለች፤ ይህን ሰው ማግባትና አለመሞት። ሁለቱን አንድ ላይ መፈለጓ ለማንም ከባድ ነገር አልመሰለኝም።

ልጁ አባቱን ሊያሳምን ብሎ የሰማውን ነገራቸው። «አባዬ፣ ትድናለች እኮ። እህቷ መድኃኒቱን ደብረ ብርሃን እየሠራችው ነው።»

«ከምን?»

«ከአሳማ።»

የዋህ ልጅ ነው። አባቱ ከዚህ ሁሉ ንግግር የሰሙት የመጨረሻውን ቃል ብቻ ነበር።

በዚያው ሳምንት እናቴ ደወለችልኝ። «እሑድ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ይመጣሉ። አንቺንም ይፈልጉሻል።»

«እኔን ለምን?»

«ለምን ትለኛለች ደግሞ! ልጄን ከአሳማ ጋር ያነካካሻት አንቺ አይደለሽ? ነይና ራስሽ መልሽ። እንደ ልማድሽ አንገትሽን ደፍተሽ እንዳትቀሪ ብቻ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ጉም ከገደሉ ሥር ወጥቶ ግቢያችንን ሞልቶት ስለነበር መጀመሪያ የታዩን ነጠላዎቻቸው ብቻ ናቸው። የልጁ አባት፣ የአባቱ ወንድም፣ ሁለት የመንደሩ ሽማግሌዎች። የንስሐ አባታችን ቀደም ብለው መጥተው ተቀምጠዋል። አባታችን ከሞተ ወዲህ በእኛ በኩል የሚናገረው አጎቴ ነው፤ እሱም በጨዋ ደንብ አጠገባቸው ተቀመጠ። እናቴና እኔ በር አጠገብ። እህቴ ጓዳ። ልጁ በደንቡ መሠረት አልመጣም፤ መኪናውን ከታች መንገድ ላይ አቁሞ እየጠበቀ ነበር።

ብዙ ስለ ዝናብና ስለ ገብስ ከተወራ በኋላ የአባቱ ወንድም ተነሡ። ነገር አዋቂ የሚባሉ፣ ሰርግና ለቅሶ ላይ ሰው የሚሰበሰብባቸው ሰው ናቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ አጎቴ ዞሩ።

«መቼም ዘር ተቆጥሯል። በአባቷ ወገን ሰባት ቤት ወጣን፣ ንጹሕ። በእናቷ ወገን ሰባት ቤት ወጣን፣ ንጹሕ።» ቆም አሉ። «በእህቷ ወገን ግን ገና ሁለተኛው ቤት ሳንደርስ አሳማ አገኘን።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሽማግሌዎቹ ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ፤ አጎቴም ሳቀ። የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን ወደ አፋቸው ጠጋ አደረጉ። ወደ እናቴ ዞር ስል በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። እየሳቀች ነው። ልጇ እንድታገባ የምትፈልግ እናት የአማቾቹን ቀልድ አትቆርጥም።

እኔም ሳቅሁ።

የልጁ አባት አልሳቁም። «ቀልዱ ይቅር» አሉ። «አንቺ ልጅ፣ ቀረብ በይ። እስቲ ንገሪን፤ ይህቺ ልጅ አሁን በየቀኑ የምትወጋውስ ከምን የተሠራ ነው?»

ቆምኩ። ድሮ፣ እኔ ከመወለዴ በፊት፣ ኢንሱሊን ከአሳማና ከከብት ቆሽት ይወጣ እንደነበር አውቃለሁ። ለተማሪዎች የማስረዳው ነገር ነው። ይህን እዚያ ቤት ውስጥ ብናገር ከገንቦው አጠገብ ያለው ብልቃጥ በዚያው ቀን እንደሚወረወር፣ እህቴም ከሁለት ሳምንት በላይ እንደማትቆይ በአንድ ጊዜ ታየኝ። የተጠየቅሁት ግን ስለ ድሮው አልነበረም።

«አሁን የምትወጋው ከእርሾ ነው» አልኩ።

«ከምን?»

«ከእርሾ። ፋብሪካ ውስጥ እርሾ ያመርተዋል።»

«እንደ ሊጥ እርሾ?»

«ወገኑ ነው፣ አባባ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የአባቱ ወንድም «እርሾማ የጾም ነው!» አሉ፤ እንደገና ተሳቀ፤ የአሁኑ ሳቅ ግን የፍቅር ነበር። የንስሐ አባታችን እንኳ ራሳቸውን ነቀነቁ። እናቴ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች።

«መልካም» አሉ የልጁ አባት። «በዚህ ጸናን። ስለዚያኛው ግን ትገዘትልኝ። ዛሬ፣ እዚሁ፣ በካህኑ ፊት። ከአሳማ የወጣ ነገር ሰውነቷ ውስጥ እንዳይገባ። ያን ጊዜ ልጄ የእናቷ ልጅ ነው፣ እሷም ልጄ ናት። ካልሆነ ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን ያድርጉ።»

የንስሐ አባታችን አልወደዱትም። ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ እኔንና እህቴን ያጠመቁን እሳቸው ናቸው። «ግዝት ቀላል ነገር አይደለም» አሉ ቀስ ብለው። «ከወጣ በኋላ አይመለስም። ለመድኃኒት ሲሆን ደግሞ ሊቃውንቱ የሚሉት ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ልጠይቅ ይገባኛል።»

«እስኪጠይቁ ድረስ እኛም እንጠብቃለን፣ አባ» አሉ የልጁ አባት። «ልጄ ግን እስከዚያ አይጠብቅም። ሌላ እናይለታለን።»

ከጓዳ ብርጭቆ ሲቀመጥ ተሰማ።

የንስሐ አባታችን ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። እግዚአብሔርን ፈርተሽ ንገሪኝ። ይህ የአሳማ መድኃኒት አለ?»

«ለሰው አልደረሰም፣ አባ። እኛ የምንሠራው ለአይጥ ነው።»

«ሌላ አገርስ?»

«ይሞክሩታል። እንደ ኢንሱሊኑ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ግን የለም።»

«ወደ አገራችን ይመጣል?»

«አላውቅም።»

«በእህትሽ ዕድሜ?»

ሁሉም ያየኛል። የጓዳው መጋረጃ ገለጥ ብሎ የእህቴ አንድ ዓይን ያየኛል። «ላይመጣ ይችላል» አልኩ። «ሊመጣም ይችላል። ማንም አያውቅም።»

«ስለዚህ የለም» አሉ የልጁ አባት።

«ገና የለም» አልኩ። ከጠዋት ጀምሮ ሳልጠየቅ የተናገርኩት ይህችን ብቻ ነው።

የአባቱ ወንድም ሳቁ። «ገና የለምና የለም ወንድማማቾች ናቸው። የሌለ ነገር ቢገዘት ማን ይጎዳል? ሰው ከአንበሳ ወተት ቢገዘት ምን ይቀርበታል?» ሽማግሌዎቹ ተስማሙ። አጎቴም «እውነት ነው፣ የሌለ ነገር ነው» አለ፤ ከልቡ ደስ ብሎት ነበር። ችግሩ ከቤቱ ምንም ሳይወጣ የተፈታ መስሎታል። ያን ጊዜ የንስሐ አባታችን ፊትም ቀለለ። ለእሳቸውም ያቀለልኩላቸው እኔ ነኝ።

እህቴ ተጠራች። ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ መጣች። እንዲህ አንገቷን ደፍታ አይቻት አላውቅም፤ የኔን አንገት ተውሳ የወጣች መሰለች። የንስሐ አባታችን ነገሩን ከመጀመሪያ ጀምረው አስረዷትና «ልጄ፣ የሚያስገድድሽ የለም። ምን ትያለሽ?» አሏት።

ቀና ብላ አየችኝ። ሌላ ሰው አላየችም። አንድ ነገር እንድናገር ጠበቀች፤ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ እሱን ግን ልናገረው አልቻልኩም፤ የማላውቀውን «ይመጣል» ማለት አልችልም።

«ይግዘቱኝ፣ አባ» አለች።

«ከአሳማ የወጣ ነገር፣ ሥጋም ይሁን ደም፣ ምግብም ይሁን መድኃኒት፣ ወደ ሰውነትሽ እንዳይገባ ገዝቻለሁ።» መስቀሉን ሳመች። እናቴ እልል አለች። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው መረቁ። ጠላው ተቀዳ። የአባቱ ወንድም ብርጭቋቸውን ወደ እኔ አንሥተው «አንቺም ተባረኪ፣ ነገሩን ያስታረቅሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ።

እንግዶቹ እየበሉ ሳለ እህቴ ከቤቱ ጀርባ አገኘችኝ። ጉሙ ተነሥቶ ገደሉ እስከ ቆላው ድረስ ተከፍቶ ይታያል። እጄን ይዛኝ አታውቅም፤ ያን ቀን ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«ይመጣል አትይም ነበር?»

«ብልስ? ጋብቻው ይፈርስ ነበር።»

«ይፍረሳ! ያን ጊዜ ማፍረሱ ወይ አለማፍረሱ የኔ ነው። አንቺ የለም ስትዪ እኔ ምን ልል ኖሯል? ለሌለ ነገር ብዬ ባል ልተው?»

«የለም አላልኩም። ገና የለም ነው ያልኩት።»

«ገና!» አለች። የሽማግሌውን አሳሳቅ አስመስላ ሳቀች። «እነዚያ አሳማዎችሽ እንኳ ልጃቸውን የሚሰጡት አተላ ሲቀርብላቸው ነው። እኔን ለምን ሰጠሽኝ? ለአንድ ምርቃት?»

እንደገና ብጠየቅ ያንኑ እመልሳለሁ፤ የማውቀው ያን ያህል ነበር። ይህን ስነግራት ክንዴን ለቀቀችኝ።

«አንቺ እኮ ጨካኝ ነሽ» አለች። ቁጣ አልነበረበትም፣ ገና አሁን የደረሰችበትን ነገር እንደምትናገር ነበር። «ሰው ዝም ስለምትዪ የዋህ ይልሻል።»

ተጋቡ። ሰርጉ አምሮ ነበር። የባሏ እናት የእኔን ሳህን ለብቻ አስቀምጠውልኝ ነበር፤ ክብር መስሎኝ ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ። በኋላ ሲታጠብ ለብቻው ሲታጠብ አየሁ። የአባቱ ወንድም ከሙሽሮቹ ጋር ፎቶ ልነሣ ስቆም «አንቺ ጠርዝ ላይ ሁኚ፣ ካሜራው እንዳይገዘት» አሉ። የተሳቀው ብዙ ነው። እህቴም ሳቀች፤ በነጭ ቬሏ ውስጥ በጣም ቆንጆ ነበረች።

ከሰርጉ በኋላ ሆዳቸው ውስጥ ህዋሱ ከገባባቸው አይጦች የአንዷ ስኳር መውረድ ጀመረ። ህዋሳቱ ከባሕር ሣር በሚወጣ ሙጫ ተለብጠው፣ እንደ ትናንሽ ዶቃ ሆነው ነበር የገቡት፤ ሌሎቹ ላይ አልሠሩም፣ ወይ አይጦቹ ሞቱ። የዚህችኛዋ ግን ዕለት በዕለት ወረደ፣ ከዚያ የጤነኛ ሆነ፣ እዚያው ጸና። ጸጉሯ ተመለሰ፣ ወፈረች። ዶክተሩ ከደስታው ብዛት ለሁላችንም ኬክ ገዛ።

ለእህቴ ልነግራት አልፈለግሁም። ባሏ መንገድ ላይ አግኝቶኝ ጠየቀኝ፤ ዋሽቼ አላውቅም፤ ነገርኩት፤ ነገራት። በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ደወለች። ከዚያ ቀን በኋላ በየቀኑ ያን ሰዓት ትደውል ጀመር። ስለ እናታችን አትጠይቅም፣ ስለኔም አትጠይቅም፤ ስለ አይጧ ብቻ ነው።

«የኔዋስ?» ትለኛለች።

«ደህና ናት። የዛሬውም ጥሩ ነው።»

«ወፈረች?»

«ወፍራለች።»

«ትወፍር። የሚገዝታት አማት የላትም።» ስልኩን ትዘጋለች። አንዳንዴ የራሷን ስኳር ትነግረኛለች፤ ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ነው። መድኃኒቱ በዚያ ሰሞን እንደገና ጠፍቶ፣ ባሏ በሚኒባሱ እስከ አዲስ አበባ ይፈልግላት ነበር።

አንድ ጠዋት ዶክተሩ ከጓዳችን፣ አይጦቹ ካሉበት ክፍል ጠራኝ። «ስኳሯን ያወረዱት የኛ ህዋሳት መሆናቸውን በምን አወቅሽ?» አለኝ። «ምናልባት የራሷ ቆሽት አገግሞ ቢሆንስ? ጽሑፋችንን የሚመረምሩት እንዲህ ብለው ነው የሚጠይቁን። አውጪያቸው።»

እንዲህ እንደሚሠራ አውቅ ነበር። ትክክልም ነው፤ ሌላ መንገድ የለም። አደነዘዝኳት፣ ሆዷን ከፈትኩ፣ ዶቃዎቹን በፈሳሽ አጥቤ አወጣሁ። ያን ቀለም ጠብ አድርጌ በማጉያው አየኋቸው፤ አብዛኞቹ ውስጣቸው ቀይ ሆኖ ተቀበለኝ፤ በሕይወት ነበሩ። ሆዷን ሰፋሁ። በማግስቱ ስኳሯ ተተኮሰ። ከቀትር በኋላ የተኛችበት ሰጋቱራ ሁሉ ርሶ፣ አፏ ከውሃው ቧንቧ አልላቀቅ አለ። ዶክተሩ ቁጥሩን አይቶ እጁን አጨበጨበ። «ተረጋገጠ!» አለ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ስልኩ እንደ ሁልጊዜው ከግቢው ስወጣ ጠራ።

«የኔዋስ?»

«ዛሬ ስኳሯ ወጥቶባታል።»

«ምነው? ምን አበላችኋት?»

«የበላችው አይደለም። ህዋሱን አወጣነው።»

«ሞቶ ነው?»

«አይ። ደህና ነበር።»

ከወዲያ በኩል ዶሮ ሲጮህና አማቷ አንድ ነገር ሲሉ ይሰማ ነበር።

«ደህና ከሆነ ለምን አወጣችሁት?»

«ያዳናት እሱ መሆኑን ለማወቅ።»

«እና አወቃችሁ?»

«አወቅን።»

የዘጋችው መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት።

«ውሃ ትጠጣለች?» አለች።

«ያለማቋረጥ።»

«አዎ» አለች፤ «እንደዚያ ነው የሚያደርገው።» ከዚያ ለሌላ ሰው «መጣሁ እማማ!» ብላ ጮኸችና ስልኩ ተዘጋ። በማግስቱ አልደወለችም።